ዜሮ ነጥብ ሁለት

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ጎማ አወራለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ጎማው ይቆየን። ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፣ እሱን አፍኜ ስለ ጎማ ባወራ አልችልበትም።

የትንሹ ጉዳይ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ጋራዥ የሚሠራው ልጅ፣ የአለቃውን ዲኤክስ እየተዋሰ የሚመጣው። ያ ነጭ ዲኤክስ፣ የኋላ በሩ በገመድ የሚታሰረው። አዎ፣ እሱ።

ቅዳሜ በመኪና የምንወዳደርበት ሜዳ ላይ አምስት መኪና ነበርን። ሜዳው ያው የምታውቁት ነው፤ ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ የንፋስ ማመንጫዎቹ ከሩቅ የሚታዩበት፣ አሮጌ ጎማ ደርድረን መንገድ ያበጀንበት። አንዱ ዙር 900 ሜትር ገደማ ይሆናል። እስከ ዛሬ ሰዓት የምንይዘው በእጅ ነበር። አንዱ ግራሩ ሥር ቆሞ ስቶፕ ዋች ይጫናል፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጭቅጭቅ፤ ቀድመህ ተጫንክ፣ ዘግይተህ ተጫንክ። ይሄ ጭቅጭቅ ይብቃን፣ በጂፒኤስ እንያዘው ያልኩት እኔ ነኝ። አፑን የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ያስተካከልኩትም እኔ። ይሄን ከወዲሁ ልናገረው።

ሲያዩት ቀላል ነው። ዓርብ ማታ ቤት ቁጭ ብዬ የሜዳውን የሳተላይት ፎቶ ስልኬ ላይ ከፈትኩ፣ መነሻና መድረሻ የምትሆነውን መስመር በጣቴ አሰመርኩ፣ በቃ። ስልኩ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያለበትን ቦታ እየመዘገበ ይሄዳል፤ ያቺን መስመር በተሻገረ ቁጥር አንዱን ዙር ይዘጋና ሌላውን ይከፍታል። መሬት የሚቀበር ሽቦ የለ፣ ትራንስፖንደር የሚሉት መኪና ላይ የሚታሰር ምልክት ሰጪ የለ። ስልክ ብቻ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ በእውነት። ልጆቹ እንደ ትልቆቹ ሬሶች ሰዓታቸውን ስክሪን ላይ ሲያዩ እያሰብኩ ነው የተኛሁት።

ጠዋት መጀመሪያ ያሯሯጠን ባትሪ ቆጣቢው ነው። ስክሪኑ ሲጠፋ ስልኩ አፑን ዘጋው፣ የባለቪትዙ ሁለት ዙር እንዲሁ ጠፋ። ለዚያ አፕ ብቻ ባትሪ ቆጣቢውን አነሳሁለት፣ ስክሪኑም እንዳይጠፋ አደረግኩ። ከዚያ ደግሞ ሳተላይት እስኪይዝ መጠበቅ። ሜዳው ላይ ኔትዎርክ ደካማ ነው። ኢንተርኔት ካለ ስልኩ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ከዚያ ያገኛል፤ ከሌለ ግን ከሳተላይቶቹ ራሳቸው መስማት አለበት፣ እሱ ደግሞ ሰማዩ ወለል ብሎ እንኳን 30 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። እና አራት ሳተላይት ያስፈልገዋል። ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የስልኩን ሰዓት ለማረም። ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ነገር የሚመጣ ምልክት፣ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ፣ መጥቶ አዳማ አቧራ ውስጥ ያለች ዲኤክስ ያገኛል።

በነገራችን ላይ የአፑ መዝገብ በፈረንጆች ሰዓት 10፡20 ይላል፣ እኛ ደግሞ 4፡20 እንላለን፤ ባለቪትዙ 'ከሰዓት በኋላ መቼ ነዳሁ?' ብሎ ሲጨቃጨቀን… እሺ፣ እሱ ሌላ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ቀረ፤ ባለስታርሌቱና ትንሹ። ስልኩ አንድ ነው፣ የኔው፤ ከመኪና መኪና እያዛወርኩት ነበር። ባለስታርሌቱ ቀድሞ ነዳ። ስልኩ የፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ሰማዩ ፊት ለፊቱ። ከአምስቱ ዙር ምርጡ 1 ደቂቃ ከ04.4። ቀጥሎ ትንሹ። መያዣውን ዲኤክሱ ላይ ልለጥፍ ስል አልይዝ አለ። ሙቀቱ፣ አቧራው… ጠረግኩት፣ ምራቅ ሁሉ ቀብቼ ሞከርኩ፣ ወደቀ። ልጁ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀ ነው። አለቃው ደግሞ ግራሩ ሥር ቆሟል፣ ሰዓቱን እያየ። ቁልፉን የሰጠው ለዚያች ቀን ብቻ ነው። 'አንደኛ ከወጣህ በሚቀጥለውም ትነዳዋለህ' ብሎታል፤ ሁላችንም ሰምተናል።

እና ምን አደረግኩ? ስልኩን እጅ ፍሬኑና ወንበሩ መሃል ሸጎጥኩት። 'ሂድ' አልኩት።

ያቺን 'ሂድ' ነው አሁን ደጋግሜ የምሰማት።

አምስት ዙር ነዳ። ቆንጆ አድርጎ ነው የነዳው፣ ይሄን ማንም አይክደኝም። ከመጨረሻው ኩርባ ሲወጣ የኋላ ጎማው ትንሽ ሸርተት ብሎ ቀጥ ሲል አይቼዋለሁ፤ መሪውን ሳይታገለው፣ ዝም ብሎ። መጥቶ ቆመ። የዲኤክሱ ማራገቢያ ገና ይጮኻል። ሽፋሽፍቱ ላይ አቧራ ተቀምጧል። በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን መሬት አውርዶ፣ አንዱ ውስጥ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ ስልኩን አወጣሁ። ስልኩ ይፋጃል። ስክሪኑን በሸሚዜ ጠረግኩት።

1 ደቂቃ ከ04.6።

'ዜሮ ነጥብ ሁለት' አልኩት። 'በዜሮ ነጥብ ሁለት ተበልጠሃል።'

ዝም አለ። ከዚያ 'ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?' አለኝ። በትህትና፣ ሊከራከረኝ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው። እኔ ደግሞ መልስ አልሰጠሁትም። ስልኩን አዙሬ አሳየሁት። በቃ፣ ስክሪኑን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው። 'እሺ፣ ስልኩ ካለ' አለ። ሄልሜቱን አወለቀ፣ አለቃው እጁን ዘረጋ፣ ቁልፉን ሰጠው።

ይቅርታ፣ ባጃጅ ነው፣ ይለፍ።

ማታ ቤት ገብቼ ዙሮቹን ካርታው ላይ ከፈትኳቸው፤ በደስታ ነው የከፈትኩት፣ ላሳያችሁ ብዬ። የባለስታርሌቱ መስመር ንጹሕ ነው፣ አምስቱም ዙር እንደ ክር ተደራርቧል። የትንሹን ከፈትኩ። አንዱ ዙር ቁጥቋጦው ላይ ይሄዳል፣ አንዱ የገበሬውን አጥር ይሻገራል። መኪናው እዚያ አልሄደም! ቆሜ አይቻለሁ። ወንበር መሃል የተሸጎጠ ስልክ፣ በላዩ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰማዩን የት አይቶት?

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። የኔ ስልክ ቦታውን የሚመዘግበው በሰከንድ አንዴ ነው። መስመሯን ያሰመርኩት ደግሞ ከመጨረሻው ኩርባ መውጫ ላይ ነው። ለምን እዚያ? ግራሩ እዚያ ስላለ። ሰው ጥላ ሥር ሆኖ እንዲያይ። ሌላ ምክንያት የለኝም። እዚያ ላይ መኪናው በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰከንድ 15 ሜትር ነው። ስለዚህ በአንዱ ነጥብና በሚቀጥለው መካከል 15 ሜትር ባዶ አለ፣ መስመሯም እዚያ ባዶ ውስጥ ናት። መቼ እንደተሻገራት አፑ ከሁለቱ ነጥቦች ተነስቶ ይገምታል። ልጁ ግን እዚያ ቦታ ላይ ቤንዚን እየረገጠ ነው፣ ፍጥነቱ እየተቀየረ። በዚያ ላይ ቦታው በሦስት ሜትር ቢሳሳት፣ ሦስት ሜትር ለጥሩ ስልክ እንኳን ብርቅ አይደለም፣ ሦስት ሲካፈል ለ15… ዜሮ ነጥብ ሁለት።

ልክ ዜሮ ነጥብ ሁለት።

ካልኩሌተሩን ሦስቴ ነው የመታሁት።

ይሄን ሳስብ የሲድኒ ኦሎምፒክ ትዝ ይለኛል። 1993 ዓ.ም. መስከረም፣ ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኃይሌና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት። 10 ሺህ ሜትር፣ 25 ዙር ሮጠው 27፡18.20 እና 27፡18.29። 0.09 ሰከንድ! እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም፣ ጎረቤት በር ላይ ተደርድረን ነው ያየነው፤ ያቺን የመጨረሻ ደረት አሁንም ሳስባት ይነዝረኛል። ግን እዚያ መስመሩ ላይ ካሜራ ነበር። ቴርጋት የተበለጠው በእውነት ነው። ትንሹን ግን ምን በለጠው? የኔ ግራር?

ቆይ፣ ቆይ። ደግሞ በሌላ በኩል አለ። የጂፒኤስ ስሕተት ቀስ እያለ ነው የሚቀያየረው። ከአንድ ደቂቃ በፊት ሦስት ሜትር ወደ ምሥራቅ ከሳተ፣ አሁንም ወደዚያው ሊስት ይችላል። ዙሩ ሲጀመርም ሲያልቅም እኩል ከሳተ ስሕተቱ ይጣፋል፣ ሰዓቱ ትክክል ይሆናል። ስለዚህ ምናልባት በእውነት ተበልጧል። ምናልባት 0.2 ሳይሆን 0.4 ነው የተበለጠው። አላሸነፈም ማለት አልችልም፣ አሸንፏል ማለትም አልችልም። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ስቶፕ ዋች ቢሆን ኖሮ ተጨቃጭቀን፣ ተሳስቀን፣ 'እኩል ናችሁ' ብለን ወደ ቤት እንገባ ነበር። አለቃውም ቁልፉን…

የሚቀጥለውን አስቤበታለሁ። መስመሯ ቀጥታው ላይ ትሄዳለች፣ መኪናው በሰዓት 90 የሚሄድበት። እዚያ ያው ሦስት ሜትር 0.12 ነው የሚሆነው። ስልኩ መስታወት ላይ ካልተለጠፈ ማንም አይነዳም። ደግሞ በብሉቱዝ የሚገናኝ፣ በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመዘግብ ጂፒኤስ አለ፣ 25 ጊዜም አለ። 25ቱ ቢሆን ያ 15 ሜትር ባዶ 60 ሴንቲ ይሆን ነበር። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካገኘሁ አስመጣለሁ፣ ብሩን እኔ እችላለሁ። ጣሪያ ላይ ትለጠፋለች፣ ሰማዩን ሙሉ ታያለች… እሷን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ጨዋታው ሁሉ ይቀየራል።

ግን ዲኤክሷን ማን ይነዳታል?

ለአለቃው ልንገረው አልኩ። ምን ብዬ? 'ምናልባት' ብዬ? ለትንሹስ? 'ምናልባት አንደኛ ነበርክ' ይባላል እንዴ ለሰው? አንዴ ካልኩት በኋላ እሱም እንደኔ ሌሊት ካልኩሌተር ይዞ ሊቀመጥ ነው። ካልነገርኩት ደግሞ… ትናንት ደውሎልኛል። የሚቀጥለው መቼ ነው ብሎ፣ መጥቼ ጎማ አነሳሳለሁ፣ ሰዓትም እይዛለሁ አለኝ። ሰዓት። 'እደውልልሃለሁ' አልኩት።

ዙሮቹን አላጠፋኋቸውም። አሁንም ስልኬ ላይ ናቸው፣ ያቺ አጥር የምትሻገረውም ጭምር። ልደውልለት ብዬ ዛሬ ሁለት ጊዜ ቁጥሩን አውጥቼ… አሁንስ ስንት ሰዓት ሆነ? ሦስት ከሩብ። ጋራዡ ተዘግቷል። እንግዲህ ነገ…