እንዴት አወቃችሁ?
በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የምርምር ውድድር መክፈቻ ላይ ዳኞችን በመወከል የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲያችን አመራሮች፣ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ለማየት ከየአገሩ የመጣችሁ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ ሌሊቱን ስላይድ ስታስተካክሉ ያደራችሁ ተወዳዳሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ!

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ለማጥናት አድዋ ሄዱ። የበሽታው ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚራባው ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ቀንድ አውጣ ፍለጋ ወንዙን ሲቃኙ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አዩ።

እንዶድ ለእናቶቻችን አዲስ አልነበረም፤ ሳሙና ሳይመጣ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ስንቱ አልፏል! እሳቸው ግን ቆም አሉ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ዕቃ ውስጥ አድርገው የእንዶዱን አረፋ ጨመሩባቸው፤ ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነው።

ይህን ያነሳሁት «ዕቃ የለም አትበሉ» ልላችሁ አይደለም። ኬሚካል ጠፍቶ፣ መብራት ሄዶ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ እንደሠራችሁ አውቃለሁ፤ እሱ የእኛ የመምህራኑና የአመራሩ ዕዳ ነው። እኔ የምለው ስለ ጥያቄው ነው። ከቀረቡልን ርእሶች ብዙዎቹ «የእንትን በእንትን ላይ ያለው ተጽዕኖ፤ በእንትን ወረዳ» የሚሉ ናቸው። በርእሱ አንጣላም። ካምና ተመራቂ ሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ላይ ወረዳውን ብቻ የቀየረ ካለ ግን ከሁለተኛው ጥያቄ አያልፍም። (እኛም ተማሪ ነበርን፤ ዘዴውን እናውቀዋለን።)

ዛሬ ከእኛ የሚመጣባችሁ ጥያቄ መልኩን ይቀያይር እንጂ አንድ ነው፦ እንዴት አወቃችሁ? መጠይቁን የሞሉት እነማን ናቸው? አልሞላም ያሉትስ? ገበሬውን በየትኛው ቋንቋ አነጋገራችሁት? ማዳበሪያ ያልገባበት፣ ለማነጻጸሪያ የተተወ መደብ ነበራችሁ? «ልዩነት አላገኘንም» ብሎ መደምደም ነጥብ አያስቀንስም። ያላገኙትን አገኘን ማለት ያስቀንሳል፤ ያውም ብዙ።

ጥያቄው ጠበቅ ሲልባችሁ ፊታችሁ አይጥቆር። የእንዶዱ ግኝት ከዚህ አገር በመውጣቱ ብቻ ውጤቱን ለመቀበል ያመነቱ የውጭ ተቋማት ነበሩ። ዶክተር አክሊሉ ከምርምር ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ሲሞክሩ፣ ሲለኩ፣ ሲከራከሩ ኖረው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በጋራ የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከአድዋው ወንዝ 25 ዓመት በኋላ። በዚያ ሁሉ ክርክር መልስ የሚሆነው የተመዘገበ ውጤት ነው። እናንተም የመስክ ማስታወሻችሁንና ጥሬ ዳታችሁን ከምረቃ በኋላ ለማንም ለሱቅ መጠቅለያ እንዳትሰጡ።

ወደ ሥራው እንግባ። ለእያንዳንዱ ቡድን 10 ደቂቃ ለማቅረቢያ፣ 5 ደቂቃ ለጥያቄ ተመድቧል። ደወል ሲሰማ የጀመራችሁትን ዓረፍተ ነገር ጨርሳችሁ ቁሙ። ፖስተር ያላችሁ ከምሳ በኋላ ኮሪደሩ ላይ እንገናኛለን። አማካሪዎች፣ አደራችሁን፣ ለተማሪው የተጠየቀውን እናንተ አትመልሱ፤ ጭንቅላት መነቅነቅም ይቆጠራል። የመጀመሪያው ቡድን፣ ወደ መድረክ።