ዕቁቡ ሲበተን፦ የፓክ 12 ነገር

ሄለን፦ ሰላም ሰላም! ዛሬ ስለ ኮሌጅ ስፖርት ነው የምናወራው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምንጠራው። ዮኒ፣ እስኪ የኚያን አባባ ነገር ንገራቸው።

ዮናስ፦ ሴፕቴምበር 2024 ነው። እዚሁ ሲያትል ኡበር እየሠራሁ አንድ ትልቅ ሰው ጫንኩ። የዋሽንግተን ስቴት ኮፍያ አድርገዋል፤ አፕል ካፕ ሊያዩ ወደ ሉመን ፊልድ ስታዲየም ነው። ጃኬታቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አጠፉና «ይሄ እኮ የኖቬምበር ጨዋታ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ዝም። ለቅሶ ቤት የማደርሳቸው ነው የመሰለኝ።

ሄለን፦ አፕል ካፕ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የዋሽንግተን ስቴት የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ ነው። የጊዮርጊስና የቡና ዓይነት በሉት። ለምን ወደ ሴፕቴምበር መጣ?

ዮናስ፦ አንድ ኮንፈረንስ፣ ማለትም እርስ በርስ የሚጋጠሙ ትምህርት ቤቶች ማኅበር፣ ውስጥ የሉማ! ድሮ ሁለቱም ፓክ 12 ነበሩ፤ ከ1915 ጀምሮ የነበረ ማኅበር። በጁን 2022 የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ሌላ ኮንፈረንስ፣ ወደ ቢግ ቴን፣ እንሄዳለን አሉ። በጁላይ 2023 ኮሎራዶም እወጣለሁ አለ። ከዚያ ኦገስት 4፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ዋሽንግተንን ጨምሮ አምስቱ ብድግ! ስታንፎርድና ካል፣ የበርክሌዩ ዩኒቨርሲቲ፣ ደግሞ ኤሲሲ ገቡ። የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ የትኛው ውቅያኖስ ላይ ናት?

ሄለን፦ ቢግ ቴን፣ «ትልቁ አሥር» የሚባሉትስ፣ 18 ሆነው የለ? ሒሳብ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው እነዚህ።

ዮናስ፦ የቀሩት ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት ብቻ ናቸው። ለእኔ ዕቁብ በልቶ መጥፋት ነው።

ሄለን፦ አይ፣ እዚህ ጋ አልስማማም። በልቶ መጥፋት ዙሩ ሳያልቅ ነው። የእነዚህ የቴሌቪዥን ውል በ2024 ያልቅ ነበር። አዲሱን ዙር ሳይጀምሩ ወጡ፤ ለዚህ ነው የመውጫ ቅጣት ያልነበረው። ኤሲሲን እይ። እዚያ የቴሌቪዥን መብታቸውን እስከ 2036 ለማኅበሩ ፈርመው ሰጥተዋል። አባሎቹ ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው፣ በ2025 ታርቀው ቀሩ። ፍቅር ነው ያስቀራቸው?

ዮናስ፦ ብሩስ?

ሄለን፦ ቢግ ቴን ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈራርሟል። ፓክ 12 ይዞ የመጣው የአፕል ኩባንያን ውል ነው፤ ክፍያው ስንት ሰው ከፍሎ ለማየት ይመዘገባል በሚለው ላይ የተንጠለጠለ። ኦሪገንና ዋሽንግተን ሙሉ ድርሻ እንኳ ሳይሰጣቸው ነው ቢግ ቴን የገቡት።

ዮናስ፦ እሺ። ግን ብሩ የፉትቦል ነው፤ መከራውን የምታየው መረብ ኳስ የምትጫወተው ልጅ ናት። ከሲያትል ኒው ጀርሲ፣ ቢግ ቴን ውስጥ ያለው ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ድረስ 3,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምስት ሰዓት በረራ፣ የሦስት ሰዓት ልዩነት፣ ጠዋት ክላስ። ፉትቦሉን ብቻ ወስዶ ሌላውን በየሰፈሩ መተው ምን ነበረበት?

ሄለን፦ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔን የሚያስቀኝ የማኅበሩ ገንዘብ፣ የዕቁቡ ሳጥን ነገር ነው። ጥለው የሚወጡት አሥሩ የፓክ 12 ቦርድ ላይ ድምፅ እንስጥ አሉ።

ዮናስ፦ ለቆ ወጥቶ ሳጥን ጠባቂ!

ሄለን፦ የቀሩት ሁለቱ ከሰሱና ረቱ። በዲሴምበር 2023 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ፍርዱን አልነካውም። በኋላ ሲታረቁ አሥሩ 65 ሚሊዮን ዶላር ትተው ሄዱ።

ዮናስ፦ በዚያ ነው አዲስ አባል የሰበሰቡት። ቦይዚ ስቴት፣ ሳን ዲዬጎ ስቴት፣ ፍሬዝኖ ስቴት...

ሄለን፦ ከማን ወስደው?

ዮናስ፦ ...ከማውንቴን ዌስት ኮንፈረንስ። ከጎረቤታቸው። አምስት ትምህርት ቤት።

ሄለን፦ ዝም ብለህ ልታልፋት ነበር አይደል?

ዮናስ፦ ነበር። ጎንዛጋንም ጨመሩ፤ እሱ ደግሞ ፉትቦል ቡድን የለውም!

ሄለን፦ ስምንት የፉትቦል ቡድን ካልሞላ አይሆንማ። ስምንተኛዋ ቴክሳስ ስቴት ናት። የአዲሱ ዙር መጀመሪያ ጁላይ 1 ቀን 2026 ነው። የአባባ ቡድን ግን በዚያ የአፕል ካፕ ቀን ምን ሆነ?

ዮናስ፦ 24 ለ 19 አሸነፉ። መጨረሻ ላይ ዋሽንግተን አንድ ያርድ ሲቀረው አስቆሙት። እኔ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሆኜ በሬዲዮ ሰማሁ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ።

ሄለን፦ አንተ እኮ የዋሽንግተን ደጋፊ ነህ!

ዮናስ፦ ነኝ።