የመጀመሪያውን ስጋት ማን ይሸከም?

ክቡራን የመንግሥት የሥራ ኃላፊዎች፣ ውድ መምህራንና ተመራማሪዎች፣ ከባንክ የመጣችሁ ወዳጆቻችን፣ ኩባንያ ለማቆም ሌት ተቀን የምትለፉ ወጣቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ መንግሥት ለምርምር፣ ለፈጠራና ለስታርታፕ፣ ማለትም አዲስ ሐሳብ ይዞ ለሚነሳ ጀማሪ ኩባንያ፣ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ስለ መጠኑ ብዙ ይባላል። የአፍሪካ አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው ቢያንስ 1 በመቶውን ለምርምር እናውላለን ብለው ቃል ከገቡ ቆይተዋል። አብዛኞቹ እዚያ አልደረሱም። እኛም አልደረስንም። ይህ በየመድረኩ መነገር አለበት። እኔ ግን ዛሬ ወደ ሌላ ጥያቄ ልውሰዳችሁ። ያለው ገንዘብ እንዴት ይሰጥ? ማን ይወስን? ሥራው ሳይሳካ ሲቀርስ ምን ይሁን?

እምነቴን አስቀድሜ ልናገር። የመንግሥት ገንዘብ ቦታው ሌላ ማንም ደፍሮ የማይገባበት ነው። የመጀመሪያውን ስጋት መሸከም አለበት። ዋስትና ላለው ሰው ብድር መስጠትማ ባንኮቻችን ያውቁበታል።

ከጓዳችን ልጀምር፤ ከጤፍ። ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። 2,500 ያህል ፍሬ ተሰብስቦ ነው አንድ ግራም የሚሞላው። አበባው በዓይን ለማየት እንኳ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አበባው ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት፣ በዚያች ሰዓትም በእጅ ማዳቀል እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ሥራውን ዓመት በዓመት ቀጠሉ። ምርታማ የሆነ ዝርያ ወሰዱ። ገበያ ከሚወደው ነጭ ጤፍ ጋር አዳቀሉት። ቁንጮ የተባለው ዝርያ ለገበሬ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ልብ በሉ፤ ከግኝቱ እስከ ዝርያው 30 ዓመት አልፏል። በመካከሉ መንግሥት ተቀይሯል፣ ጦርነት አልፏል፣ ድርቅ መጥቷል። ማዕከሉ ግን አልተዘጋም። የውጭ ለጋሾች ያገዙበት ጊዜ አለ። መሬቱን፣ ደሞዙንና የማሳ ሥራውን ዓመት ከዓመት ያስቻለው ግን የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ይህን የግል ኩባንያ ለምን አልሠራውም? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው። ገበሬው አንድ ጊዜ ዘሩን ካገኘ ከምርቱ ላይ ለከርሞ ያስቀምጣል፤ ለጎረቤቱም ይሰጣል። ዝርያውን ያሻሻለው ኩባንያ በየዓመቱ የሚሸጠው ነገር አይኖረውም። ጥቅሙ ለአገር ይዳረሳል እንጂ ወደ አንድ ኪስ አይገባም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጠብቀው መንግሥትን ብቻ ነው። ለዚህም ነው የምርምር በጀት ሲቀነስ የሚያመኝ። የተቀነሰው ነገር ጉዳቱ የሚታየው ከ10 እና ከ20 ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ማን እንደቀነሰው የሚያስታውስ አይኖርም።

በጀቱም ሲኖር የሚሰጥበት መንገድ ሥራውን ያሰናክለዋል። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ጤፍ የሚዘራው መቼ ነው? በአብዛኛው በዚያው በሐምሌ። ተመራማሪው እጁ ላይ ገንዘብ በሚያስፈልገው ሰዓት ሂሳብ ተዘግቷል፣ አዲሱ ገና አልተለቀቀም። ላብራቶሪ ውስጥ ያሉትም ችግሩን ያውቁታል። አንድ ኬሚካል ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ዕቃው አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ሦስት ሻጭ ቀርቶ አንድም አገር ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ከዚያ ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ሂሳብ ይወራረዳል፣ ጊዜው ያልፋል። ቁጥጥር አይኑር አላልኩም። የሕዝብ ገንዘብ ነውና ይቆጠር። ነገር ግን ወንበርና ጠረጴዛ ለመግዛት የወጣ መመሪያ ለምርምር ሲውል ምርምሩን ያቆመዋል። ለብዙ ዓመት የተፈቀደ የምርምር ገንዘብ ከዓመት ወደ ዓመት እንዲሻገር ሕጉ መፍቀድ አለበት። ይህ ተጨማሪ አንድ ብር አይጠይቅም።

አሁን ወደ ኩባንያዎቹ ልሂድ። በዚህ በኩል ብዙ የምንማርባት አገር እስራኤል ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሶቭየት ኅብረት በርካታ መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ገቡ። እውቀት ነበረ። ድጋፍ የሚሰጥ የመንግሥት ቢሮም ነበረ። የጠፋው በአዳዲስ ኩባንያዎች ላይ ገንዘቡን የሚያፈስና አብሮ የሚሠራ ባለሀብት ነው።

የእስራኤል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 ኢንባል የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። ሐሳቡ መልካም ይመስላል። ባለሀብቶች የሚያቋቁሙት ፈንድ ቢከስር መንግሥት እስከ 70 በመቶ ድረስ ዋስ ይሆናል። ውጤቱ ደካማ ሆነ። ኪሳራው የተሸፈነለት ሰው ጥሩ ኩባንያ ፈልጎ ለማሳደግ የሚተጋበት ምክንያት አነስተኛ ነው። ወረቀቱና ቢሮክራሲውም ተጨመረበት።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1993፣ ዮዝማ የሚባለውን አመጡ። መንግሥት 100 ሚሊዮን ዶላር መደበ። አብዛኛው ገንዘብ ለ10 የግል ፈንዶች ተሰጠ፤ ለእያንዳንዱ እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር። ሁኔታው ይህ ነበር፦ የመንግሥት ድርሻ ወደ 40 በመቶ ይሆናል፤ ቀሪውን የግሉ ወገን ያመጣል፤ ልምድ ያለው የውጭ አጋርም አብሮ መግባት አለበት። ዋናው ብልሃት ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሥራው ከተሳካ ባለሀብቶቹ በ5 ዓመት ውስጥ የመንግሥትን ድርሻ በገባበት ዋጋና በወለዱ ብቻ መግዛት ይችላሉ። ሲከስሩ አብረው ይከስራሉ። ሲያተርፉ ትርፉ የእነሱ ይሆናል። ከ10ሩ ፈንዶች 8ቱ የመንግሥትን ድርሻ ገዙ። መንግሥትም ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከሥራው ወጣ።

ሁለቱን ፕሮግራሞች አስተያዩአቸው። አገሩ አንድ ነው፤ ጊዜውም በአንድ ዓመት ብቻ ይለያያል። አንዱ ኪሳራን ሸፈነ፣ ሌላው ትርፍን ለቀቀ። የእኛ የፋይናንስ ባለሙያዎች የብድር ዋስትና ሰነድ ሲጽፉ ይህን ልዩነት ጠረጴዛቸው ላይ እንዲያስቀምጡት እለምናለሁ። ዋስትና መጥፎ ነው አልልም፤ የታወቀ ሥራ ለሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ይጠቅማል። ገና ያልተሞከረ ቴክኖሎጂ ላይ ግን ብቻውን አይሠራም።

አሜሪካኖች ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ሕግ አለ፤ ፕሮግራሙ በምህጻረ ቃል ኤስ.ቢ.አይ.አር ይባላል። አዲስ ካዝና አልከፈቱም። ትልልቅ የምርምር በጀት ያላቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከዚያው በጀታቸው ትንሽ ቆንጥረው ለአነስተኛ ኩባንያዎች እንዲመድቡ ግዴታ ተጣለባቸው። ሲጀመር 0.2 በመቶ ብቻ ነበር። ቀስ እያለ አድጎ 3.2 በመቶ ደረሰ። ገንዘቡ ብድር አይደለም። መንግሥት የኩባንያውን ድርሻም አይወስድም።

አሰጣጡ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ሐሳቡ ይሠራ እንደሆነ ለማየት አነስ ያለ ገንዘብ ለወራት ይሰጣል። ከተሳካ ከፍ ያለ ገንዘብ፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት። ሦስተኛው ደረጃ ገበያ ነው፤ እዚያ ፕሮግራሙ ገንዘብ አይሰጥም፤ መሥሪያ ቤቶቹ ግን ምርቱን ራሳቸው ሊገዙ ይችላሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ብዙዎች ይወድቃሉ። የሚወድቁት ግን በትንሽ ገንዘብና በአጭር ጊዜ ነው። ዛሬ ትልቅ የሞባይል ቴክኖሎጂ ኩባንያ የሆነው ኳልኮም ገና ትንሽ ሳለ ከዚህ ፕሮግራም ገንዘብ አግኝቷል። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆኑ፣ የኩባንያውም አብዛኛው ድርሻ የእንዲህ ዓይነት ሰዎች ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ጥሪ ባወጣ ጊዜ ኩባንያቸው ለመወዳደር ይችላል። ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው።

ይህ ለእኛ ይከብዳል? አይመስለኝም። ግብርናም፣ ጤናም፣ ውኃና ኢነርጂም የሚያወጡት በጀት አላቸው። እያንዳንዳቸው ያልተፈታ ችግር አላቸው። ከዚያው በጀት ጥቂቱን ለይተው ችግራቸውን በግልጽ ቢጽፉና ይህን ለሚፈታልኝ ትንሽ ኩባንያ ለሙከራ ይህን ያህል እከፍላለሁ ቢሉ፣ ወጣቱ የሚሮጥበት አቅጣጫ ያገኛል። አሁን በየውድድሩ የሚቀርበው ሐሳብ ብዙ ጊዜ አንዱ ከሌላው ይመሳሰላል። በወጣቶቹ አልፈርድም። ሆስፒታሉ ውስጥ ምን እንደተበላሸ፣ የመስኖ ቦዩ የት ላይ እንደሚያፈስ ማን ነገራቸው?

ከጎረቤታችን ኬንያም አንድ ነገር ላንሳ። ኤም-ፔሳን ዛሬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ወደ እኛም አገር ገብቷል። መነሻው ላይ የሕዝብ ገንዘብ እንዳለበት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የብሪታንያ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት በውድድር ከሚሰጠው ፈንድ ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ቮዳፎን ለተባለው የስልክ ኩባንያ ሰጠ፤ ኩባንያውም በበኩሉ አዋጣ። በኩባንያው ውስጥ ትርፋቸው ከታወቀ ሥራዎች ጋር ተወዳድሮ በጀት ማግኘት ለእንዲህ ዓይነት ሐሳብ ከባድ ነበር። ያ ገንዘብ በሩን ከፈተ።

ሲጀመር የታሰበው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች በስልካቸው እንዲከፍሉ ነበር። በሙከራው ጊዜ ሰዎቹ ገንዘብ ለመላላክ ተጠቀሙበት። ኩባንያውም ሐሳቡን ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2007 አገልግሎቱ በይፋ ሲጀመር ገንዘብ መላኪያ ሆኖ ወጣ። ገንዘብ ሰጪው መሥሪያ ቤት በዕቅዱ ላይ የተጻፈው የብድር መክፈያ ነው፣ ከዚያ ውጪ ያወጣችሁትን አልቀበልም ቢል ኖሮስ? እኛ ዘንድ ዕቅድ መቀየር እንደ ጥፋት ይታያል። ኦዲተሩ የሚጠይቀው ገንዘቡ በበጀት መስመሩ መሠረት ወጣ ወይስ አልወጣም ብሎ ነው። በፈጠራ ሥራ ግን ዕቅዱን የቀየረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተማረው ሰው ነው። የኦዲት መመሪያው ይህን ካላወቀ ገንዘቡን የያዘ ኃላፊ ሁሉ ይፈራል። የፈራ ኃላፊ ደግሞ ምንም አይፈቅድም።

በአገራችን ጥረት የለም ማለቴ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቁሟል። የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር አለን። ስለ ስታርታፕም አዋጅ ወጥቷል። በዚህ ደስ ይለኛል፤ ሕግ የሌለው ሥራ በአንድ ኃላፊ ዝውውር ይፈርሳል። የወጣቶች ፈንዱ ግን ብድር ነው፤ ለታወቁ ሥራዎችና ለሥራ ዕድል ታስቦ የተዘጋጀ። ዶሮ የሚያረባ ወጣት በስንት ወር እንደሚሸጥ ያውቃል። አዲስ የሕክምና መሣሪያ የምትሠራ ልጅ መሣሪያው ይሠራ እንደሆነ እንኳ ገና አታውቅም። እሷን ባለዕዳ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ደንቦችና መመሪያዎች የምታወጡ ወገኖቼ፣ የማሳስበው ሦስት ነገር አለኝ፤ ዋናው የመጨረሻው ነው።

ገንዘቡን የሚያድለው ኮሚቴ ውስጥ ኩባንያ አቁሞ የሚያውቅና ቴክኖሎጂውን የሚረዳ ሰው በብዛት ይግባ። መልስ የሚሰጥበት ቀንም ቀድሞ ይታወቅ። አልተቀበልንህም መባል ያሳዝናል፤ ያስተምራልም። ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና መባል ግን ኩባንያ ይገድላል። ቤት ኪራይ የሚከፍል ወጣት ያን ያህል መጠበቅ አይችልም።

ሌላው፣ የወደቁት ይመዝገቡ። ማን አገኘ፣ ስንት አገኘ፣ ምን ደረሰ የሚለው ለሕዝብ ይፋ ይሁን። አድልዎን የሚቀንሰው ይህ ነው። የከሰረውም ምን እንደተማረ ይጻፍ፤ ሌላው ያንኑ ስህተት በሕዝብ ገንዘብ አይድገመው።

ዋናው ግዢ ነው። በኢትዮጵያ ትልቁ ገዢ መንግሥት ነው። ሆኖም ብዙ ጨረታ የዓመታት ልምድ፣ ኦዲት የተደረገ ሂሳብና የጨረታ ማስከበሪያ ይጠይቃል። ባለፈው ዓመት የተቋቋመ ኩባንያ ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ መንግሥት በአንድ እጁ የድጋፍ ገንዘብ ይሰጣል፤ በሌላ እጁ በሩን ይዘጋል። በድጋፉ ሠርቶ ምርቱን በፈተና ያሳየ ኩባንያ አነስተኛ የመጀመሪያ ግዢ የሚያገኝበት ሕጋዊ መንገድ ይከፈትለት። ለአንድ መሥራች የመጀመሪያው ትዕዛዝ ከየትኛውም ሽልማት ይበልጣል። ያንን ወረቀት ይዞ ባንክ ይሄዳል፣ ባለሀብት ጋ ይሄዳል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል።

እናንተም ወጣቶች፣ በዚህ ገንዘብ ላይ አትኑሩ። ከውድድር ወደ ውድድር እየዞሩ ፒች ማድረግ፣ ሐሳብን ለዳኞች ማቅረብ፣ ሥራ የሚመስልበት ጊዜ ይመጣል፤ ተጠንቀቁ። ደንበኛ ጋ ሂዱ። ድጋፉ የተሰጣችሁ አንድ ነገር ለማረጋገጥ ነው፤ ያንን አረጋግጡ፣ ካልሆነም አልሆነም በሉ። ያ ገንዘብ ቡና ለቅሞ ከሚሸጥ፣ ሱቅ ከፍቶ ግብር ከሚከፍል ሰው የመጣ ነው።

ባለሥልጣናቱ ዛሬ ከእኛ ጋር እስከ ቀትር ይቆያሉ። ስለ ግዢው ጉዳይ ያጋጠማችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ የጨረታ ሰነዱን አንቀጽ እየጠቀሳችሁ ተናገሩ። አመሰግናለሁ።