ክንዱ የተሰበረው አምበል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሊድስ ነው። ጎረቤቴ አዛውንት ናቸው፤ ራግቢ ከተነሳ አያቆሙም። አለን ፕሬስኮት የሚባል ተጫዋች ክንዱ ተሰብሮ ጨዋታውን እስከ መጨረሻ ተጫወተ ይሉኛል። ትንሽ አላጋነኑም?

መልስ፦ ምንም አላጋነኑም። ቀኑም ቦታውም ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1958፣ ብሪዝበን፣ አውስትራሊያ። ፕሬስኮት የታላቋ ብሪታንያ ራግቢ ሊግ ቡድን አምበል ነበር። ቡድኑ ከአውስትራሊያ ጋር ካሉት ሦስት ግጥሚያዎች የመጀመሪያውን ሲድኒ ላይ 25 ለ 8 ተሸንፏል። ይሄኛውንም ከተሸነፈ የሦስቱ ግጥሚያ ነገር አበቃ። እና ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፕሬስኮት ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ብዙም ሳይቆይ የቡድን ጓደኛው ዴቭ ቦልተን የአንገቱ ሥር አጥንት ተሰብሮ ወጣ።

ያኔ ቅያሪ የሚባል ነገር የለም። 13 ሆነው ገብተው 12 ቀሩ፤ አምበሉም ከወጣ 11 ሊሆኑ ነው። በእረፍት ሰዓት ሐኪሙ እንዳይመለስ መከረው። እሱ ጥርሱን ነክሶ ተመለሰ። አንድ እጁ ብቻ የሚታዘዝለት ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ምን ይሠራል ካሉኝ፣ ቢያንስ መንገድ ይዘጋል። ደግሞም አምበላቸው እንደዚያ ሆኖ ሲያዩት ማን "ደከመኝ" ይላል? 25 ለ 18 አሸነፉ። ሦስተኛውን ያለ እሱ 40 ለ 17 ደገሙት።

እኔን ግን ታሪኩ በጀግንነት ብቻ ሲወራ አይጥመኝም። ሜዳ ላይ ያቆየው ሕጉም ነው። ለተጎዳ ተጫዋች ቅያሪ የተፈቀደው በ1964 ነው፤ ያውም እስከ እረፍት ድረስ ብቻ። ዛሬ ቢሆን ሐኪሙ እሺ አይልም፤ ደግሞም ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ከዚያ ጨዋታ ውጪስ ምን ሠራ?

መልስ፦ ብዙ። በ1927 እንግሊዝ ውስጥ ዊድነስ ከተማ ተወለደ። ሃሊፋክስ በሚባል ክለብ የጀመረው በክንፍ ተጫዋችነት ነው፤ ኋላ ግን ሰውነቱ ወፍሮ የፊት መስመር ግንብ ሆነ። በ1949 ወደ ሴንት ሄለንስ ክለብ ሄደ። በ1956 ዌምብሌይ ላይ ለዋንጫ የገጠሙት ማንን መሰለዎት? ያንኑ ሃሊፋክስን! 13 ለ 2 አሸነፉ፤ የፍጻሜው ኮከብ ሽልማት የሆነውን የላንስ ቶድ ዋንጫ የወሰደውም እሱ ነው። በ1961 ደግሞ አሠልጣኝ ሆኖ በዚያው ዋንጫ ፍጻሜ ሴንት ሄለንስን በዊጋን ክለብ ላይ 12 ለ 6 አሸናፊ አደረገ።

ጥያቄ፦ የሊድሱ ነኝ፣ መስመር ላይ አለሁ። ይሄ "ሊግ" የሚሉት ከሌላው ራግቢ በምን ይለያል?

መልስ፦ በተጫዋች ቁጥር ይለያሉ፤ ሊግ 13፣ ሌላው ራግቢ ማለትም ዩኒየን 15 ናቸው። ጠቡ ግን የገንዘብ ነው። በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ሃደርስፊልድ ከተማ ተሰብስበው ከዩኒየን ተገነጠሉ። ሥራ አስፈትተው ለሚያጫውቱት ሠራተኛ የቀረበትን ደሞዝ መክፈል ፈልገው ተከልክለው ነበር። እና ጎረቤትዎ ፊት ሁለቱን "ያው ራግቢ" ብለው እንዳይጠቀልሏቸው። ያኮርፉዎታል።