ወረት እና ወረት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

እንደምን አረፈዳችሁ። እኔ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ጌም ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። በሁለት ጆተኒ ጀምሬ ዛሬ ስድስት ፕሌይስቴሽንና አራት ኮምፒውተር ደርሻለሁ። ፕሮግራም መጻፍ አላውቅም። ነገር ግን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት የሚጫወተው ጨዋታ ልትሠሩ መነሳታችሁን ስሰማ ልቤ ሞላ፤ ስለ ገንዘቡ የማውቀውን ልንገራችሁ ብዬ መጣሁ።

የጎጃም ሰው ቃል ሲሰማ ኅብሩን ይፈልጋልና በአንድ ቃል ልጀምር፤ ወረት። ነጋዴ ወረት ሲል መነሻ ገንዘቡን ማለቱ ነው። ከባሶ ገበያ ተነሥተው ዓባይን ይሻገሩ የነበሩ ሲራራ ነጋዴዎች በዚህኛው ወረት ያድሩ ነበር። በሌላው ፍቺው ግን ወረት አዲስ ነገር ሲመጣ የሚነድ፣ ሲለመድ የሚበርድ ፍቅር ነው፤ «የወረት ውሻ ስሟ ወለተ ጴጥሮስ» የተባለው ለእርሱ ነው። በእናንተ ንግድ የመጀመሪያውን ወረት የሚበላው ሁለተኛው ነው።

እኔን በልቶኛል። አንድ ሰሞን አዲስ የእግር ኳስ ጨዋታ ሳስገባ ሰልፉ ከበር ወጥቶ መንገድ ደረሰ። ያንን ሰልፍ አምኜ ተበደርኩና ሁለት ቴሌቪዥን ጨመርኩ። በሁለተኛው ወር ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ፤ ዕዳው ግን እንዳለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። የምጽፈው ዛሬ ስንት ሰው ገባ የሚለውን ሳይሆን፣ ባለፈው ወር ከመጡት ስንቱ ተመለሰ የሚለውን ነው።

የትልልቆቹም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በታኅሣሥ 2011 የወጣው፣ በየወሩ የሚከፈልበት የኢንተርኔት ጨዋታ «ስታር ዋርስ፦ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ» በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ደንበኛ አገኘ፤ በወራት ውስጥም 1.7 ሚሊዮን ደረሰ። በቀጣዩ ክረምት ከአንድ ሚሊዮን በታች ወረደ፤ ዓመት ሳይሞላው ወርኃዊ ክፍያውን ግዴታ ማድረጉን ተወ። በ2024 ደግሞ «ኮንኮርድ» የተባለው ጨዋታ፣ ለዓመታት ተደክሞበት በ40 ዶላር ለገበያ ቀርቦ፣ በሁለት ሳምንት ተዘጋ። ለገዢዎቹም ገንዘባቸው ተመለሰ። የሠሩትን ልጆች ድካም ሳስብ አሁንም ያመኛል።

«ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» የተባለውን የኢንተርኔት ጨዋታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2004 ወጥቶ በ2010 ላይ 12 ሚሊዮን ደንበኛ ደረሰ። ክፍያው በአሜሪካ በወር 15 ዶላር ያህል ስለነበር ብዙዎች 12 ሚሊዮንን በ15 ያባዙና ይደነቃሉ። ስሌቱ ስሕተት ነው። ቻይና ውስጥ የነበሩት እጅግ ብዙ ተጫዋቾች የሚከፍሉት በወር ሳይሆን፣ እኔ ቤት እንደሚመጡት ልጆች፣ በሰዓት ነበር። «ደንበኛ» የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት ብር አያመጣም። በ2015 ቁጥሩ ወደ 5.5 ሚሊዮን ወረደ፤ ድርጅቱም የደንበኞቹን ብዛት መግለጽ አቆመ። ጨዋታው ግን አልሞተም። እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የቀሩት ይከፍሉበታልና።

እስቲ በደብተር እንሥራው። አንድ ሺህ ከፋይ አላችሁ እንበል፤ በየወሩ ከመቶ አሥሩ ይተዋችኋል። አዲስ ሰው ካልመጣ በዓመቱ የሚቀሩት 282 ያህል ናቸው። በሺው ላይ ለመቆየት በየወሩ መቶ አዲስ ሰው ማምጣት አለባችሁ፤ ማስታወቂያ ደግሞ በነጻ አይገኝም። የሚሄደውን ከመቶ አሥር ወደ ከመቶ አምስት ብታወርዱ ግን፣ ያለ አንድ ተጨማሪ ሰው፣ ዓመቱን በ540 ትጨርሳላችሁ። ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው ኮምፒውተር (ሰርቨሩ)፣ ጥገናው፣ አጭበርባሪ ተጫዋች የሚከላከለው ሠራተኛ፣ ሁሉም የሚከፈለው በየወሩ ስለሆነ ይህ ልዩነት የድርጅቱ ነፍስ ነው።

ወርኃዊ ክፍያ ብቸኛው መንገድ አይደለም። «ፎርትናይት» የተባለው ጨዋታ መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚሸጠው በጨዋታው ውስጥ ላለው ገጸ ባሕርይ የሚሆን ልብስና ጭፈራ ነው፤ ለማሸነፍ የሚረዳ ጉልበት አይሸጥም። በ2018 እና በ2019 ብቻ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማስገባቱ በፍርድ ቤት ሰነድ ታይቷል። ይህን የምነግራችሁ እንድትመኙት አይደለም። ከብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ጥቂቱ ሲገዛ የሚያዋጣ ንግድ ነው፤ እኛ ዘንድ ያ ሕዝብ ገና የለም።

እኔ የምመኝላችሁ አይስላንድን ነው። ከአራት መቶ ሺህ የማይበልጥ ሕዝብ ያላት ደሴት ናት። እዚያ ያለ አንድ ድርጅት በ2003 «ኢቭ ኦንላይን» የተባለውን የጠፈር ጨዋታ አወጣ። ሲወጣ ማንም አልተንጫጫለትም። በዝግታ እያደገ፣ በአሥረኛ ዓመቱ 500,000 ደንበኛ ደረሰ፤ ከአገሩ ሕዝብ በለጠ ማለት ነው። በጨዋታው ውስጥ ያለውን ገበያ የሚያንቀሳቅሱት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ማዕድን ያወጣሉ፣ መርከብ ይሠራሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ድርጅቱ ያንን ገበያ የሚያጠና የምጣኔ ሀብት ባለሙያ እስከ መቅጠር ደርሷል። ሰው ጨዋታ ይሰለቻል፤ በጨዋታው ውስጥ ያፈራውን ማኅበር ግን በቀላሉ አይተውም። እኔ ቤት አሥር ዓመት የተመላለሱት ልጆችም የሚመጡት ለመሣሪያው ሳይሆን እርስ በርስ ለመገናኘት ነው።

እኛ ደግሞ ዕቁብ የምንጥል፣ ጽዋ የምንጠጣ ሕዝብ ነን። ተራ መጠበቅና መዋጮ ማምጣት ከልጅነት የለመድነው ነው። በቴሌብር አሥርና ሃያ ብር መላክ ከተቻለ ወዲህ የውጭ ካርድ የሌለው ተማሪም መክፈል ይችላል። እንግዲህ ለሦስት መቶ ታማኝ ተጫዋች የሚበቃ፣ መብራት ሲጠፋ የልጁን ውጤት የማያጠፋ፣ በደካማ ኢንተርኔት የሚሠራ ጨዋታ ሥሩ። ወጪያችሁ ሦስት መቶው ከሚከፍለው በታች ይሁን፤ ብድሩን አትቸኩሉበት።

ለመሞከሪያ ቤቴ ክፍት ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በፊት አራቱም ኮምፒውተሮች ያለ ክፍያ የእናንተ ናቸው። ደብተሬንም አመጣላችኋለሁ፤ የተመለሱትንና የቀሩትን አብረን እንቆጥራለን።

አመሰግናለሁ።