ጣቶቼ ተቃጠሉ! ያለውን ልጅ ስሙት
ከጅማ የጤና ሰዓት፦ የአድማጮች ጥያቄና የቀዶ ሕክምና ሐኪም መልስ

አንዲት እናት፣ ከሄርማታ፦ ዶክተር፣ ልጄ ማስታወክ አልቆምለት ብሎ ትናንት ክንዱ ላይ መርፌ ተሰጠው። መድኃኒቱ ገና መግባት ሲጀምር «ጣቶቼ ተቃጠሉ!» ብሎ ጮኸ። «ትንሽ ቻለው» ተባለ። ማታ ሁለት ጣቶቹ ገረጡ፤ ዛሬ ጠቁረዋል። ምን ነክቶት ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ መልሴን አይጠብቁ። ስልኩን ዘግተው ልጁን አሁኑኑ የቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዱት። የቀረውን ጎረቤት ሰምቶ ይነግርዎታል።

ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። መድኃኒት በደም መልስ ሲገባ ወደ ልብ እየሄደ ከብዙ ደም ጋር ይቀላቀላል፤ ምንጮች የአዌቱን ወንዝ እንደሚቀላቀሉት። ደም ቅዳ ግን ወደ ጣት ጫፍ እየተከፋፈለና እየጠበበ የሚወርድ ነው። መርፌው በስህተት እዚያ ከገባ መድኃኒቱ ብዙም ሳይበረዝ እንደ ጸጉር የቀጠኑት ቧንቧዎች ላይ ይደርሳል። ቧንቧዎቹ ይኮማተራሉ፣ ግድግዳቸው ይቆስላል፣ ደም ይረጋባቸዋል። ቀጥሎ ጡንቻው አብጦ ራሱን ያንቃል፤ መጨረሻው ጣት ወይም እጅ መቆረጥ ሊሆን ይችላል። የማደንዘዣው ታዮፔንታል ደም ቅዳ ውስጥ እንደ አሸዋ ይረጋል። ለማስታወክ የሚሰጠው ፕሮሜታዚንም በዚህ ጉዳት ይታወቃል። አሜሪካዊቷ ሙዚቀኛ ዳያና ሌቪን በ2000 እ.ኤ.አ. በዚሁ መድኃኒት ቀኝ እጇን ከክንዷ ጋር አጥታ፣ ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2009 ተፈርዶላታል።

ሕመም ወደ ጣት ሲወረወር ልጁ ፈሪ ስለሆነ አይደለም። «ቻለው» የሚለው ቃል እኔን በግሌ ያናድደኛል።

አንዲት ነርስ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፦ ደም ቅዳ ውስጥ መግባቴን በምን ልወቅ? ከገባሁስ ካኑላውን፣ መድኃኒት የሚገባበትን ቀጭን ቱቦ፣ ልንቀለው?

መልስ፦ አትንቀዪው፤ ይህን ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ መድኃኒቱን አቁሚ። ካኑላው ሆስፒታል ውስጥ የረጋ ደም የሚከላከል ወይም ቧንቧውን የሚያላላ መድኃኒት የሚሰጥበት መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ሲነቀል በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ክንዱን ከፍ አድርጊ፣ ማሰሪያ ካለ ፍቺ፣ በረዶ አታድርጊ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት ጽፈሽ፣ ወደ ሆስፒታሉ ደውለሽ በሽተኛውን ላኪው።

ምልክቱ ደማቅ ቀይ ደም፣ ከልብ ምት ጋር እየዘለለ የሚወጣ ደም፣ ወይም ጉሉኮሱ ከፍ ብሎ ተሰቅሎም ደሙ በቱቦው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ነገር ግን የደም ግፊቱ በጣም የወረደ በሽተኛ ላይ ደሙ ጠቆር ብሎ፣ ሳይዘልም ሊወጣ ስለሚችል ቀለሙን ብቻ አትመኚ። በክንድ መታጠፊያ ውስጠኛ በኩል ደም ቅዳው ቅርብ ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ከቆዳው ሥር ይገኛል። ስለዚህ ማሰሪያውን ከማጥበቅሽ በፊት በጣትሽ ዳስሺ፤ የሚመታ ነገር ካለ ቦታ ቀይሪ።

አንድ ወጣት፣ ከአጋሮ፦ ለልብ ሕመሜ በየወሩ መቀመጫዬ ላይ ፔኒሲሊን እወጋለሁ። እኔንም ያሰጋኛል?

መልስ፦ እጅግ አልፎ አልፎ ይደርሳል። ወዲያው የማይቻል ሕመም ይነሳና ቆዳው ነጥቶ እንደ መረብ ሰማያዊ ይሆናል። እንዲህ ካየህ ሳታድር ሆስፒታል ሂድ። መርፌህን ግን በዚህ ፍርሃት አታቋርጥ፤ ብታቋርጥ ልብህ የሚደርስበት ጉዳት ይብሳል።

አንድ አባት፣ ከጅሬን፦ የተጎዳው እጅ በሙቅ ውኃና በቅቤ ቢታሽስ?

መልስ፦ አባቴ፣ መታሸቱ የረጋውን ደም አያወጣውም፤ የደነዘዘ እጅም ሙቀቱን ስለማይለይ ይቃጠላል። ቅቤው ለቡናው ይሁን።