ሸሚዙ ለእጥበት ሲወጣ፦ ማረሚያ ቤትን ማን ይቆጣጠራል?

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን። ከሩቅ የሰው ጫጫታ። ጽሑፍ ይወጣል፦ ቂሊንጦ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም.]

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ጭስ ይወጣል። ተኩስ ይሰማል። ስንቅ ይዘው የመጡ ቤተሰቦች መንገድ ላይ ቆመዋል፤ ወደ በሩ የሚያስጠጋቸው የለም።

በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ የገዛ ልጁን ስም የሚነግረው አጥቶ ከሆስፒታል ሆስፒታል የዞረ ወላጅ ብዙ ነበር። በኋላ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 23 ብሎ አሳወቀ። 21ዱ በጭስ ታፍነውና ተረጋግጠው፣ ሁለቱ ደግሞ ሊያመልጡ ሲሉ ተገድለው ነው ተባለ።

ቂሊንጦ የቀጠሮ እስረኞች የሚቆዩበት ቤት ነው። ክሳቸው ገና ያላለቀ፣ ሕጉ ንጹሕ ናችሁ ብሎ የሚገምታቸው ሰዎች ማለት ነው።

የዚህ ቪዲዮ ጥያቄ አንድ ነው። ያን ሰሞን እዚያ ግቢ ውስጥ የሆነውን፣ የማረሚያ ቤቱ ሰው ያልሆነ ማን ገብቶ ሊያይ ይችል ነበር? ያየውንስ ጽፎ ለማን ይሰጣል?

[ምስል፦ በእጅ የተሳለ የግቢ በር። በሩ ላይ ብዙ ቁልፎች]

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ድሮ ወህኒ ቤት ነበር። የከተማው ሰው ደግሞ ከርቸሌ ይለዋል፤ ከጣሊያንኛ የወሰድነው ቃል ነው። አዲስ አበባ መሀል የነበረው አሮጌው ከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ የሚባለውን ክፍል ይዞ፣ ፈርሶ ዛሬ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። አሁን ስሙ ማረሚያ ቤት ነው። ስም መቀየር ቀላል ነው፤ ግቢው ውስጥ ማን ይገባል የሚለው ግን በስም አይቀየርም።

በወረቀት ላይ ብዙ ሰው ይገባል። የመጀመሪያዋን ግን ማንም ተቆጣጣሪ ብሎ አይጠራትም።

[ምስል፦ ምሳ ዕቃ የያዘች ሴት፣ የፍተሻ ሰልፍ ላይ]

እናት ናት። ወይ ሚስት፣ ወይ እህት። ስንቅ ይዛ ትመጣለች፣ ትፈተሻለች፣ ጥቂት ደቂቃ ታየዋለች፣ የቆሸሸ ልብሱን በፌስታል ይዛ ትመለሳለች። ከስቶ እንደሆነ፣ እያነከሰ እንደሆነ፣ ዓይኑን ከዓይኗ እየሸሸ እንደሆነ ከማንም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ሸሚዙን ስታጥብ ደግሞ አፉ ያልነገራትን ሸሚዙ ይነግራታል።

ሕገ መንግሥቱ ይህን ያውቃል። አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ መያዝ አለበት ካለ በኋላ፣ ወዲያው ቀጥሎ ማን ሊጠይቀው እንደሚችል ይዘረዝራል፤ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪም፣ የሕግ አማካሪ። ሁለቱ ነገሮች አንድ አንቀጽ ውስጥ መግባታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ጠያቂ የሌለው እስረኛ ክብሩ መጠበቁን የሚያይለት ሰውም የለውም። ስለዚህ «ለጊዜው ጥየቃ ተከልክሏል» የሚል ወረቀት በር ላይ ሲለጠፍ፣ የቀረው ምሳ ብቻ አይደለም። ምስክሯም ቀርታለች።

ግን እናት ሥልጣን የላትም። ሥልጣን ያለው ማን ነው?

[ምስል፦ አንድ ትልቅ ጣሪያ። ከሥሩ ሁለት ጠረጴዛ፦ «ዐቃቤ ሕግ» እና «ማረሚያ ቤት»]

በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ዐቃቤ ሕግ ፖሊስ ጣቢያና ማረሚያ ቤት ገብቶ የታሰሩ ሰዎችን አያያዝ የማየት፣ ሕገ ወጥ ነገር ካገኘ የማሳረም፣ ጥፋተኛው ላይም እርምጃ የማስወሰድ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ጥሩ ሥልጣን ነው። ችግሩ ያለው የወንበሩ አቀማመጥ ላይ ነው። የፌዴራል ማረሚያ ቤት ኮሚሽን ተጠሪነቱ ለፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ዐቃቤ ሕግም እዚያው ሚኒስቴር ውስጥ ነው። እስረኛውን የከሰሰው፣ እስር ቤቱን የሚያስተዳድረውን አካል የሚመራው፣ እስር ቤቱን የሚቆጣጠረውና ጠባቂው ሲያጠፋ የሚከሰው፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው።

ይህን ስል ዐቃቤ ሕጎቹ ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። ቅን ሰው እንኳ የቤቱን ገመና ለጎረቤት ለመንገር ያመነታል።

የተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴም ይጎበኛል። ዜና ላይ አይታችሁት ይሆናል፤ ኃላፊው ከፊት፣ እንግዶቹ ከኋላ፣ ወጥ ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ። ቀኑ ቀድሞ የታወቀ ጉብኝት ላይ ግድግዳው ይጸዳል፣ ወጡም ይወፍራል።

ፍርድ ቤቱ ይሻላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት ይላል፤ ለመንገድ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር። ዳኛ ፊት መቆም ማለት ቢያንስ አንድ የውጭ ዓይን ገላህን ያያል ማለት ነው።

ወደ ቂሊንጦ የምመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

[ምስል፦ ባዶ የችሎት አዳራሽ]

ከቃጠሎው በኋላ 38 እስረኞች እሳቱን አስነሥታችኋል፣ ለሞቱትም ተጠያቂ ናችሁ ተብለው ተከሰሱ። ተከሳሾቹ ችሎት ፊት ቆመው ሌላ ነገር ተናገሩ። ወደ ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ተወስደን እመኑ እየተባልን ተደበደብን አሉ። ፍርድ ቤቱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሄዶ እንዲያጣራ አዘዘ። ኮሚሽኑም ተከሳሾቹን አናግሮ፣ ገላቸው ላይ ያየውን ጠባሳ ጽፎ ለፍርድ ቤቱ አቀረበ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ማረሚያ ቤቱ አልደበደብኩም ይላል። እስረኛው ተደብድቤያለሁ ይላል። ለዓመታት እንዲህ ያለው አቤቱታ በዚሁ ያበቃ ነበር፤ ቃል በቃል ላይ። አሁን ግን ሦስተኛ ወገን አይቶ የጻፈው ወረቀት መዝገቡ ውስጥ ገባ። ቁጥጥር የሚባለው ነገር ተገፍፎ ቢታይ ይኸው ነው፤ አሳሪውም ታሳሪውም ያልሆነ ሰው በዓይኑ አይቶ የሚጽፈው ወረቀት።

[ምስል፦ የኮሚሽኑ ሠራተኛ መታወቂያ እያሳየ በር ላይ]

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚህ ሦስተኛ ወገን ሥልጣን ሰፋ። አዋጅ ቁጥር 1224/2012 ኮሚሽኑ ማረሚያ ቤትም ሆነ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሰው የታሰረበትን ማንኛውንም ቦታ፣ ቀድሞ ሳያሳውቅ ገብቶ የማየት ሥልጣን ሰጠው። ከአዋጁ ሁሉ ትልቁ ቃል ለእኔ «ሳያሳውቅ» ነው። ቀን ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ቤቱ ይጠረጋል፤ ሳይታሰብ የደረሰ ግን ቤቱን እንዳለ ያየዋል።

በዚያ ዘመን ኮሚሽኑን የመራው ዳንኤል በቀለ ነው። ከሰኔ 2011 ጀምሮ አምስት ዓመት። ዳንኤል ራሱ ከምርጫ 97 በኋላ በጥቅምት 1998 ተይዞ እስከ መጋቢት 2000 የታሰረ ሰው ነው። የእስር ቤቱን በር ከውስጥ በኩል የሚያውቅ ሰው ከውጭ መጥቶ ሲያንኳኳ፣ የትኛው ክፍል እንዳልተከፈተለት ለማወቅ ካርታ አያስፈልገውም።

ግን ሁሉም በር ማረሚያ ቤት የሚል ታፔላ የለውም። በሐምሌ 2015 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተያዙ ሰዎች አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ድረስ ተወስደዋል፤ ኮሚሽኑ እዚያም ሄዶ አይቷል። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ አስቀምጧል፤ የመጀመሪያ ሥራው የታሰሩትን ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ማሳወቅ ነው። የታሰረውን ስም ማውጣት ብቻ። ቂሊንጦ በር ላይ የቆሙት ቤተሰቦችም የጠየቁት ይህንኑ ነበር።

ክልሎች ደግሞ የራሳቸው ማረሚያ ቤት፣ የራሳቸው አስተዳደር አላቸው። ጂግጂጋ የነበረው «ጄል ኦጋዴን» ለዓመታት የክልሉ ጉዳይ ነው እየተባለ ቆይቶ፣ ውስጡ ምን እንደነበር በሰፊው የተሰማው በ2010 ሂዩማን ራይትስ ዎች የቀድሞ እስረኞችን ቃል ሰብስቦ ካወጣው በኋላ ነው።

[ምስል፦ ወረቀቱ ከበር ወጥቶ መንገድ ላይ ሲሄድ። መጨረሻ ላይ ያው ትልቅ ጣሪያ]

አሁን ወረቀቱን እንከተለው። ኮሚሽኑ አየ፣ ጻፈ፣ ምክረ ሐሳብ ሰጠ። ጠባቂው ወይም መርማሪው ወንጀል ፈጽሞ ከሆነ ግን የወንጀል ክስ የሚመሠርተው ማን ነው? ዐቃቤ ሕግ። ዐቃቤ ሕግ የት ነው? ፍትሕ ሚኒስቴር። ማረሚያ ቤቱስ ተጠሪነቱ ለማን ነው? ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ ያው ጣሪያ ሥር ገባ።

ክስ ቢመሠረት ምን ይባላል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «ቶርቸር» ብሎ ለብቻው የሚጠራው ወንጀል የለውም። ያለው አንቀጽ 424 ነው። የተያዘን ወይም የታሰረን ሰው በድብደባ፣ በጭካኔ፣ በአካል ወይም በአእምሮ ሥቃይ ያስተናገደ የመንግሥት ሠራተኛ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። አዎ፣ ወይም በመቀጮ። ነገሩ ከከበደ ጽኑ እስራቱ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል፤ ያዘዘው ባለሥልጣን ላይ ደግሞ እስከ 15 ዓመት። ለአዛዡ ከታዛዡ የበለጠ ቅጣት መቀመጡን አደንቃለሁ። ሰው አሰቃይቶ ገንዘብ ከፍሎ የመሄድ ቀዳዳ መኖሩን ግን አልወደድኩትም።

የተጠየቀ ሰው አልነበረም ወይ? ነበር። ሰኔ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ቆመው ሰው መደብደብና ጨለማ ቤት ማሰር ይፈጸም እንደነበር አመኑ፤ ራሱ የሽብር ሥራ ነው እስከማለትም ደረሱ። በዚያው ወር መጨረሻ የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ከፍተኛ ኃላፊዎች ከቦታቸው ተነሡ። ማዕከላዊ የሚባለው የፌዴራል ፖሊስ የምርመራ እስር ቤት ተዘጋ፣ በኋላም ለጉብኝት ተከፈተ። ኅዳር 2011 ደግሞ ከ30 በላይ የጸጥታና የምርመራ ሰዎች በሰብአዊ መብት ጥሰት ተጠርጥረው መያዛቸውን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በመግለጫ ተናገሩ።

ያኔ ቴሌቪዥን ላይ የተነገረው አብዛኛው ነገር ግን አዲስ አልነበረም። ተከሳሾች ችሎት ላይ ልብሳቸውን ገልጠው ሲያሳዩት ዓመታት አልፈዋል። ተጠያቂነቱ የመጣው በአቤቱታ ሳጥን በኩል አይደለም፤ ከላይ ነፋሱ ሲዞር ነው። ነፋስ ይዞት የመጣውን ነፋስ ይዞት ይሄዳል።

[ምስል፦ የአፍሪካ ካርታ፣ ወደ ደቡብ ይጠጋል]

ሌላ ቦታስ? ደቡብ አፍሪካን ልጥቀስ። እዚያ ማረሚያ ቤቶችን የሚመረምር፣ በዳኛ የሚመራ ተቋም በሕግ ቆሟል። እስረኛ ሲሞት የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ለዚያ ዳኛ ወዲያው ማሳወቅ አለበት። በእያንዳንዱ ማረሚያ ቤት ቅሬታ የሚሰበስቡ ጎብኚዎችም አሉት። እንዲያም ሆኖ የዳኛው ቢሮ በጀቱን የሚያገኘው ከሚመረምረው መሥሪያ ቤት ነበር። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እኤአ በታኅሣሥ 2020 ይህ አሠራር ለተቋሙ በቂ ነጻነት አይሰጥም፣ ሕገ መንግሥቱንም ይቃረናል ብሎ ወሰነ። የጣሪያው ነገር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት «የማንዴላ ደንቦች» ከቂሊንጦ ቃጠሎ ስምንት ወር ገደማ ቀድመው ነው የጸደቁት። ሁለት ዓይነት ምርመራ ይኑር ይላሉ፤ አንዱ የራሱ የመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው ከውጭ የሚመጣ ገለልተኛ አካል። መርማሪው የትኛውን ማረሚያ ቤት እንደሚያይ ራሱ ይምረጥ፣ ሳይጠበቅ ይግባ፣ እስረኛውን ጠባቂ በሌለበት ያናግር። በእስር ላይ ያለ ሰው ሲሞት ደግሞ ከማረሚያ ቤቱ ውጭ ያለ አካል ያጣራ።

ኢትዮጵያ ማሰቃየትን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለችው በ1986 ነው። ከስምምነቱ ጋር የሚሄደው አማራጭ ፕሮቶኮል፣ የውጭ ጎብኚ ቡድን እስር ቤት ድረስ እንዲገባ የሚያስገድደው፣ በ1995 ወጣ። እሱን አላጸደቀችም።

[ምስል፦ የፍተሻ ሰልፉ እንደገና። ፌስታል የያዘች እጅ]

የታሰረ ዘመድ ካላችሁ፣ አንድ የማይታወቅ ሕግ ልንገራችሁ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ አካልን ነጻ ማውጣት የሚባለውን አቤቱታ ይፈቅዳል። ታሳሪው ራሱ ቃለ መሐላ መጻፍ ካልቻለ ሌላ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል። ወረቀቱ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ማን እንዳሰረው፣ የት እንደታሰረ፣ እንዴት ባለ ሁኔታ እንደታሰረ፣ የሚያውቁ ምስክሮች እነማን እንደሆኑ። ስለዚህ ስንቅ ስታደርሱ ቀኑን ጻፉ። በር ላይ «እዚህ የለም» ከተባላችሁ ሰዓቱንና የነገራችሁን ሰው ማዕረግ ጻፉ። ሸሚዙ ላይ ያያችሁት ነገር ካለ ሳታጥቡ ፎቶ አንሡት።